በቡድኑ ዝርዝር ላይ ባዶ የተውኳት መስመር

አለቃን ሰው ስጠኝ ስትለው የሚሰጥህ የሚተርፈውን ሰው ነው። ክፋት ኖሮበት አይደለም። ማንም ቢሆን የሚያርስበትን በሬ አያውስም።

ሥራዬ ለመሥሪያ ቤቶች ሲስተም መትከል ነው። በመዝገብና በካርድ ይሠራ የነበረውን ወደ ኮምፒውተር አስገብቼ፣ ሰዎቹን አለማምጄ እወጣለሁ። ከውጭ ለሚያየው ሥራው ኮምፒውተሩ ይመስላል፤ ኮምፒውተሩ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ ከማን ጋር እንደምትሠራ መምረጡ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ለቡድኔ አምስት ሰው ተሰጠኝ። አንዱ ጡረታ ሊወጣ ሦስት ወር የቀረው፣ አንዱ ከአለቃው ጋር የተኳረፈ፣ ሦስቱ ደግሞ ገና የተቀጠሩ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ የት እንደሚሰቀል እንኳ የማያውቁ ነበሩ። ሲስተሙ ተተከለ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበልኝ፣ ወጣሁ። በስድስተኛው ወር ብመለስ ኮምፒውተሩን ዳንቴል አልብሰው አገኘሁት።

ከዚያ ወዲህ ደንብ አለኝ። አለቃውን ማን ይሻላል ብዬ አልጠይቅም። ሠራተኛውንና ባለጉዳዩን ግን አንዲት ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ሰው ከሥራ ሲቀርባችሁ ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ በሩን የምትመቱት የማንን ነው? በሩ የሚመታው ሰው ነው የሚያስፈልገኝ። ይህን ደንብ በየሄድኩበት አስተምር ነበር፤ በራሴ ላይ ይመጣል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ንፋስ መውጫ የመጣሁት ከፋሲካ በኋላ ነው። አንድ የገበሬዎች ዩኒየን ለአራት መጋዘኖቹ፣ ማለትም ለላይ ጋይንት፣ ለታች ጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ፣ የማዳበሪያና የዘር አወጣጡን በሲስተም ሊያደርግ አስቦ ነበር። ከድርጅታችን ማን ይሂድ ሲባል እኔ ነኝ ያልኩት። ባልደረቦቼ መንገዱን ፈርተው አንገታቸውን ደፍተው ስለነበር ጀግና አሉኝ። ጀግንነት አልነበረም። ባሕር ዳር ሁለት ክፍል ኮንዶሚኒየም አለችኝ። ባለቤቴ ካረፈች አምስት ዓመት ሆኗል። ልጄ ሐዋሳ ባሏ ዘንድ ናት፤ እሑድ እሑድ ትደውልና ምን በላህ ትለኛለች፣ እዋሻታለሁ። የተወለድኩት እስቴ ነው፣ ከመካነ ኢየሱስ የግማሽ ቀን መንገድ። ወላጆቼ አልፈዋል፣ ቤቱም ፈርሷል። ቢሆንም ያን አገር አነጋገር ስሰማ ቆሜ አዳምጣለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ልማዴ የቡድኑን ዝርዝር በአንድ ወረቀት አዘጋጀሁ። ከየመጋዘኑ ሥራውን የሚያውቅ አንድ ሰው፣ የሚወስን አንድ ሰው፣ ሌላውን የሚያሠለጥን አንድ ሰው። ከወረቀቱ ግርጌ አንዲት መስመር ነበረች፦ «ተከላው ካለቀ በኋላ የሚቀር ተጠሪ»። ዩኒየኑ ለዚች ቦታ ቋሚ ሰው ሊሾም ወስኖ ነበር፤ ከውስጥም ከውጭም ሊሆን ይችላል። ሌላውን ሁሉ ሞልቼ እሷን ባዶ ተውኳት። የዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ ምነው ሲለኝ፣ ሰው እየተፈተነ ነው የሚለየው አልኩት። እውነቱን ልናገር፦ ለራሴ ነበር የተውኳት። ልቅር ብዬ መጠየቅ ግን ሞት መሰለኝ። ክረምቱን አብረን ስንሠራ ቆይተን እነሱ ራሳቸው «ጋሼ፣ ይቅሩልን» እንዲሉኝ ነበር የፈለግሁት።

ዓርብ ገበያ ከተማ ያለው መጋዘን የታች ጋይንት ነው፤ ገበያው ዓርብ ዓርብ ይቆማል። ሥራ አስኪያጁ፣ ከእኔ ብዙ የሚያንስ ትጉህ ሰው ነው፣ ከዚያ እንድወስድ የመረጠልኝ ዲግሪ ያለውን ልጅ ነበር። እኔ ግን በአንድ ዓርብ ሄጄ ከተሰለፉት ገበሬዎች መሐል ቆምኩና ጥያቄዬን ጠየቅሁ። አንድ ሽማግሌ እንደ ሞኝ አዩኝ።

«የማንን ደጅ ነው የምንመታ? የሷን ነዋ!» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ውስጥ እያመለከቱ። «አራስ ሆና እንኳ ከደጅ ቆመን የገብሱ ዘር የቱ ጋ ነው ብንላት፣ ከተኛችበት ሆና ከበሩ በስተግራ ሦስተኛው ድርድር አለችን። ሄደን ብናይ እንዳለችው።»

የመጋዘኑ ኃላፊ ናት። አርባ የሚሆናት፣ እስክሪብቶዋን ከሻሽዋ ሥር የምትሰካ፣ ስትናገር ዓይን ዓይንህን የምታይ ሴት። ንብረት የሚወጣበትን ሞዴል 22 የምትሞላው ሳታየው ነው፤ እጇ ይጽፋል፣ ዓይኗ ወረፋውን ይጠብቃል። ሥራ አስኪያጁ እሷን ነው የምፈልገው ስለው ደነገጠ።

«ጋሼ፣ እሷን ከወሰዱብኝ ዓርብ ማን ሊቆምልኝ ነው?»

«ለዚህ እኮ ነው የፈለግኋት» አልኩት።

እሷ ደግሞ ከእሱ ባሰች። «ከዓርብ በቀር በፈለጉት ቀን እመጣለሁ» አለችኝ። «ዓርብ ግን ቢታመሙም አልመጣም። ቅዳሜ ነው የምጠይቅዎ።» ቡድኑ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

ሦስት ወር ከሰኞ እስከ ረቡዕ ንፋስ መውጫ ከዋናው መጋዘን ጎን ባለች ክፍል ሠራን። ኔትወርክ ሲጠፋም እንዲሠራ አድርጌ ነበር የተከልኩት፤ ኔትወርኩ የሚጠፋበት ቀን ከሚኖርበት ይበዛ ነበርና። ቀኑ መልካም ነበር። ክፉው ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ያለው ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እያንዳንዱ የሚሄድበት አለው፤ አንዱ ለቅሶ፣ አንዱ ጽዋ፣ እሷ እህቷ ቤት። እኔ የኮምፒውተሮቹን ገመድ እየጠቀለልኩ እቀራለሁ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ወደተሰቀለበት ሽሮ ቤት ሄጄ ፊቴን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞራለሁ፤ ብቻውን የሚበላ ሰው ዜና የሚከታተል ከመሰለ አያሳፍርም። አንድ ቀን የሰፈሩን እድር ጸሐፊ አግኝቼ ልመዝገብ አልኩት። በትሕትና፣ ለቋሚ ነዋሪ ነው አለኝ። ያን ቀን ያቺ ባዶ መስመር ምን እንደሆነች ለራሴ ገባኝ። የደመወዝ ጉዳይ አልነበረችም። ብሞት ድንኳን የሚተክልልኝ ሰፈር ነበር የምፈልገው።

የተከራየሁት አንዲት ባልቴት ግቢ ነው። ሙስሊም ናቸው፣ በገበያው ጨው ሲነግዱ የኖሩ፣ ዛሬ ጉልበት ያነሳቸው። ጠዋት እንዴት አደሩ እንባባላለን፤ ከዚያ በላይ ብዙ ቃል አልነበረንም።

ሐምሌ ሲያልቅ ሲስተሙ ለሙከራ ደረሰ። ከነሐሴ አንድ ጀምሮ ሁለት ሳምንት ያለ ወረቀት ሊሠሩ፣ እኔ ንፋስ መውጫ ሆኜ የተቸገረ ሲጠራኝ ልሄድ ተስማማን። በመጨረሻው ስብሰባ ላይ እያንዳንዱ፣ ይህ ቢሆን እርስዎን ነው የምንጠራ፣ ያ ቢሆን እርስዎን ነው እያለ ሲያዋክበኝ ደስ አለኝ። ደስታዬን ልደብቅ ብዬ ቀለድኩ። «እንዲህ የምታስቸግሩኝ ከሆነስ፣ እኔ ፍልሰታን በሬን ዘግቼ ሱባኤ ነው የምገባ» አልኳቸው።

ሳቅ ጠብቄ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን ከወንበሩ ብድግ አለና፣ «እግዚአብሔር ያስፈጽምዎ ጋሼ» አለኝ። ሌሎቹም ተከተሉት። እሷም እስክሪብቶዋን ከሻሽዋ አውጥታ ጎንበስ ብላ ያስፈጽምዎ አለችኝ። ቀልዱን በቀልድ የመለሱልኝ መስሎኝ «አሜን፣ አሜን» እያልኩ ወጣሁ።

ነሐሴ ሁለት ቀን ብርድ ብርድ አለኝ። ጤና ጣቢያ ስሄድ ታይፎይድ ነው ብለው መድኃኒት ሰጡኝ። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ተኛሁ። የስልክ ኔትወርኩም በዚያው ሰሞን ከከተማው ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር። ይሁን አልኩ፤ ነገ ሥራ ቦታ ሲያጡኝ ሰው ይልካሉ። በማግሥቱ ማንም አልመጣም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኔ ጣራውን አያለሁ። ቢሮው ከእኔ ቤት ሻይ ሳይበርድ የሚደረስበት ነው። በዚህ አገር የታመመ አለመጠየቅ ነውር ነው። ደግሞስ ሙከራ ላይ አይደለንም ወይ? ሲስተሙ አንድ ቦታ መቆሙ አይቀርም፤ ሲቆም ይመጣሉ አልኩ። እንዲቆም መመኘት ጀመርኩ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን ተመኝቻለሁ፤ የራሴን ሥራ፣ የሦስት ወር ድካማችንን፣ አንድ ሰው በሬን እንዲመታ ብዬ ብልሽት ተመኘሁበት።

አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ደፉ ላይ በሳህን ክዳን የተሸፈነ ነገር አገኘሁ። ባልቴቷ ናቸው አልኩና ገለጥኩት። በውኃ የራሰ ሽምብራ ነበር። አጥሚት ሳይሆን፣ ሾርባ ሳይሆን፣ ጥሬ ሽምብራ። ለታማሚ! አሮጊቷም አፌዙብኝ ብዬ እዚያው ተውኩት። በማግሥቱም ሌላ ሽምብራ ተቀምጦ ነበር።

አሥራ አንድ ቀን ተኛሁ። ትኩሳቱ ሲለቀኝ ያችን ጥያቄ አነሳሁ፤ ሰው ከሥራ ሲቀርባችሁ በሩን የምትመቱት የማንን ነው? የእኔ በር አልተመታም። አሥራ አንድ ቀን ሙከራ ላይ ሆነው አልተመታም። እንግዲህ የምተርፍ ሰው ነኝ። ድርጅቴም እኔ ልሂድ ስለው ያለማቅማማቱ ለዚህ ነበር፤ እኔ ጀግና ሲሉኝ ተኩራርቻለሁ። እንደ ልጅ አለቀስኩ፣ ከዚያ ተላጨሁ።

ፍልሰታ ሲፈታ፣ በማግሥቱ፣ ቡድኑ ሁሉ ተሰብስቦ ቢሮ ሄድኩ። ከስቻለሁ፣ ሱሪዬ በቀበቶ ነው የቆመው። ሁሉም ተነሡ። «እንኳን አደረስዎ፣ እንኳን በሰላም አስፈጸመዎ» አሉኝ። የበዓል ሰላምታ ነው ብዬ በአጭሩ መለስኩ። እንዴት ሰነበቱ የሚል አለ፣ ምን ሆነው ጠፉ የሚል አንድም የለም። ሙከራው እንዴት ነበር ስል፣ ሥራ አስኪያጁ በደስታ፣ አራቱም መጋዘን ያለ አንዲት ወረቀት ሠሩ አለ። ዓርብ ገበያ አንድ ዓርብ ወረፋው ቆሞ ነበር፤ እሷ መላ አግኝታለት ሌሎቹም ከእሷ ተማሩ።

መላዋን ነገረችኝ። በእኛ አገር ገበሬው ክረምት ሥራውን በወንፈል ነው የሚወጣው፤ ዛሬ የአንተን ነገ የእኔን። ለማዳበሪያም እንዲሁ ነው። አንዱ አህዮቹን ነድቶ ገበያ ወጥቶ ለአምስት ቤት ይጭናል፣ አራቱ አረም ላይ ይውላሉ። እኔ ደግሞ፣ የእስቴ ገበሬ ልጅ ሆኜ፣ ይህን ረስቼ «ከፊታችሁ ያልቆመን ሰው ሲስተሙ ውስጥ እንዳታስገቡ» ብዬ አጥብቄ አስተምሬያቸው ነበር። ዓርብ ለት ባለ አህዮቹ የአምስት የአምስት ሰው ወረቀት ይዘው መጡ፣ ሲስተሙም ለአንድ ሰው ከድርሻው በላይ አልሰጥ አለ። እሷ በሚቀጥለው ዓርብ ለእያንዳንዱ ባለድርሻ በየስሙ አወጣች፣ ከግርጌ ያለችው የማስታወሻ ሳጥን ውስጥ ደግሞ የጫነውን ሰው ስም ጻፈች። ያች ሳጥን ከልማድ የጨመርኳት ነች፤ ማንም ይጠቀምባታል ብዬ አልጠበቅሁም።

ደንቤን አፍርሳ ሥራውን አዳነች። ትክክል ነበረች። ወረቀቴን ከኪሴ አወጣሁ፣ ከግርጌ ባዶዋ መስመር ላይ የእሷን ስም ጻፍኩና ወደ ሥራ አስኪያጁ ገፋሁለት። እሷ ስሟን ስታይ ሻሽዋን አስተካከለች። ሁሉም አጨበጨቡ።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን እንደያዘ ቆሞ ንግግር አደረገ። «ባለሙያ አይተናል» አለ። «ሥራው እንዲቃናልን በሩን ዘግቶ ሱባኤ የገባልን ባለሙያ ግን ጋሼን ብቻ ነው ያየን።» ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ዞር ዞር ብዬ ፊታቸውን አየሁ፤ አንዱም አይስቅም። አሥራ አንድ ቀን ለምን እንዳልመጡ ያን ጊዜ ገባኝ። ሱባኤ የገባን ሰው ማን ደፍሮ በሩን ይመታል? ታምሜ ነበር ልል አፌን ከፈትኩ። አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ከበሩ ሥር ሆነው «በረከትዎ ይድረሰን» አሉኝ። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

ቤቴ ሄጄ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ባልቴቷ ወደ በሬ መጡ። ሽምብራውን ለምን እንዳልበላሁ ጠየቁኝ። ጎረቤት የክርስቲያን ሴት፣ ሱባኤ እገባለሁ ማለቴን ከቢሮው ሰዎች ሰምታ፣ ሱባኤ የገባ ሰው ጥሬ ነው የሚቀምስ ብላ ነግራቸው ኖሯል።

«ሌሊት ሲያቃስቱ እሰማ ነበር» አሉኝ። «ስግደት መስሎኝ ኮቴዬን አጥፍቼ ነው የሰነበትሁ። ሰውም እንዳያውክዎ እኔ ነኝ ደጁን የጠበቅሁ። የሰውየውን ሱባኤ እስላሟ አፈረሰችበት እንዳልባል።»

«ማን መጥቶ ነበር?» አልኩ።

«አንዲት ሴት ነች፣ ቅዳሜ። ከሩቅ ነው የመጣች፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ። በሩን ሁለቴ መታች፣ ሮጬ ያዝኋት። ሱባኤ ላይ ናቸው ስላት አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ ይቅር ይበሉኝ ብላ ተመለሰች። እስክሪብቶ ከሻሿ ሰክታለች።»

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ሁለቴ ተመትቷል። ያን ቅዳሜ ትኩሳቱ ያየለብኝ ቀን ስለነበር አልሰማሁም። በሬ ተመትቶ ነበር፤ እኔ ግን አልተመታም ብዬ መስመሯን ለቅቄ ወጥቻለሁ። የባልቴቷን እጅ ይዤ አመሰገንኳቸው፣ ሽምብራውንም ዘግኜ ፊታቸው በላሁ።

ኔትወርኩ በማግሥቱ ሲመለስ ደወልኩላት። መጥተሽ ነበር አሉ አልኳት።

«አዎ ጋሼ፣ ሱባኤ ማሰብዎን እንጂ የምር መግባትዎን የነገረኝ አልነበረም፤ ባውቅ መች እደፍር ነበር!» አለችኝ። «ወረፋው ቆሞብኝ ነው። ከፊቴ ያልቆመን ሰው ላስገባ ወይ ብዬ ልጠይቅዎ ነበር። ፈቃድዎን ሳላገኝ ስመለስ መኪናው ላይ እያለቀስሁ ነው የሄድሁ። በኋላ ያች የማስታወሻ ሳጥን ትዝ አለችኝ። በጸሎትዎ ነው እንጂ እኔ ከየት አመጣዋለሁ።»

በሩን ብከፍትላት ኖሮ ጠይቃኝ ትሄድ ነበር። ሌላ ጊዜም ትመጣ ነበር፣ የእስቴውም የስማዳውም ይመጡ ነበር፤ መስመሯም የእኔ ትሆን ነበር። እሷ ግን በመኪናው ላይ ብቻዋን መወሰንን ተማረች። ታምሜ ነበር እህቴ፣ የሚጠይቀኝ አጥቼ ነበር ልላት ፈለግሁ። ያችን ሳጥን ያገኘችው በራሷ ጭንቅላት እንደሆነም ልነግራት ይገባ ነበር። ከሁለቱ የነገርኳት ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ እሱንም አላመነችኝም።

ባሕር ዳር ከተመለስኩ ወራት አልፈዋል። አንድ ዓርብ አላስችል ብሎኝ እኔው ደወልኩ። ከኋላዋ የገበያው ጫጫታና የአህያ ጩኸት ይሰማል። «ጋሼ፣ ሰላም ነው? ወረፋ ይዞኝ ነው፣ ሁሉም ደህና ነው፣ መልሼ ልደውልልዎ» ብላ ዘጋችው። እውነቷን ነው፣ ዓርብ ነበር።

ዛሬም ዓርብ ዓርብ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ ከጎኔ አስቀምጣለሁ። በዕድሜዬ ከመረጥኳቸው ቡድኖች ሁሉ የተሻለው የንፋስ መውጫው ነው። እስከ ዛሬ ከእነሱ አንድም ሰው አልደወለልኝም።